ባለ ቀይ ክዳኑ ከረጢት

እትዬ የሰው ጸጉር ላይ ቢጎዲን ስትጠቀልል አፏ አያርፍም። የቤታችን የፊት ክፍል ጸጉር ቤቷ ነው፤ አንድ መስታወት፣ አንድ የጸጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ የጸጉር ማጠቢያ ገንዳ፣ በቃ። ከኋላው ያለው ክፍል ደግሞ የእሷ መኝታም ነው፣ መታከሚያም ነው። በመሀል ያለችው በር ስስ ጣውላ ስለሆነች ሁሉም ነገር ይሰማል። እትዬ እኔን ማመስገን ስትጀምር የምሸሸግበት የለኝም።

"እኔን ያቆመችኝ እህቴ ናት" ትላለች። "ሐኪሙማ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ያኖረኝ የእሷ እጅ ነው።" ካስክ ውስጥ የገባችው ሴትዮ አልሰማ ካለቻት ካስኩን ቀና አድርጋ ከመጀመሪያው ትደግምላታለች። አንድ ወንድ ጸጉሩን ሊቆረጥ ቢመጣ ለእሱም ትነግረዋለች፤ ወንድ አልቆርጥም ብላ ከመሸኘቷ በፊት።

እኔ በዚያ ሰዓት ጓዳ ሆኜ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ ከረጢት አሞቃለሁ። ከረጢቱ ባለ ቀይ ክዳኑ ነው። መሆን የነበረበት ባለ ቢጫው ነው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ምስጋናው በበሩ ስር ሾልኮ ሲመጣ በሩን በርግጄ፣ እትዬ ወሬ ነው የያዝሽው ወይስ ሥራ፣ ሰዓቱ ደርሷል ብዬ እጮኽባታለሁ። ደንበኞቹ፣ አስተማሪ ነኝና፣ ቲቸር ዛሬም ተነስቶባታል ብለው ይስቃሉ። እኔ ጥፋት ስሠራ የምቆጣ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ እንደተቆጣሁት በሕይወቴ ተቆጥቼ አላውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገረው። የእትዬ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቁመዋል። ሌላው ሰው ደሙ በማሽን ይታጠባል፤ የእሷ ልብ ግን ደካማ ስለሆነ ማሽኑ ይከብዳታል ተባለና በሆዷ እንድትታጠብ ተወሰነ። ሆዳችን ውስጥ አንጀትን ዙሪያውን የሚያለብስ ስስ ሽፋን አለ። እምብርቷ አጠገብ ቀጭን ቱቦ ገጠሙላት፤ በዚያ በኩል ከተሰቀለው ከረጢት የስኳር ውሃ ሆዷ ውስጥ ይገባል፣ ጥቂት ሰዓት ይቀመጣል፣ ከዚያ ወለል ላይ ወደተቀመጠው ባዶ ከረጢት ይፈሳል። ሌላ ይሰቀላል። በየቀኑ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እየተመላለሰ። ሆዷ ውስጥ በሚቆይበት ሰዓት ሥራውን የሚሠራው ሽፋኑ ነው። በደሟ የተጠራቀመው ቆሻሻ በሽፋኑ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ሾልኮ ወደ ስኳር ውሃው ይሻገራል፤ ሰውነቷ የሚፈልገው ትልልቁ ነገር አብዛኛው እዚያው ይቀራል። መውጫ ያጣውን ትርፍ ውሃ ደግሞ ስኳሩ ይስበዋል። ውሃ በሽፋን መሀል ሲያልፍ የሚሄደው ብዙ ነገር ወደሟሟበት ወገን ነውና።

ይሄ ሁሉ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የህዋስ ሽፋን ደግሞ በየዓመቱ የምደርስበት ምዕራፍ ነው። ሽፋን ማለት ግድግዳ አይደለም እላቸዋለሁ ተማሪዎቼን፤ በር ጠባቂ ነው። አየርን ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ለስኳር የራሱን በር ይከፍትለታል፤ አንዳንዱን ደግሞ አልወጣ ሲለው ጉልበቱን ከስክሶ ይገፋዋል። እንዲህ እያልኩ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ሆስፒታል ስለ ከረጢቱ ሲያሠለጥኑን ሲስተሯን የማርማት እኔ ነበርኩ። ሲስተሯ ጨዋ ናት፤ ስቃ፣ እርስዎማ እኛን ቢያሠለጥኑን ይሻላል አለችኝ። ከዚያ ሁለቱን ከረጢቶች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ባለ ቢጫ ክዳኑ ስኳሩ ቀጭን ነው፣ የየዕለቱ እሱ ነው። ባለ ቀይ ክዳኑ ወፍራም ነው፣ ውሃ በኃይል ይስባል፤ እግሯ ሲያብጥና ትንፋሽ ሲያጥራት ብቻ የሚሰቀል ነው። ካዘወተሩት ሽፋኑን ይበላዋል፣ የተበላ ሽፋን ደግሞ አይመለስም አለች። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ለምን እንደሚበላው ላስረዳትም እችል ነበር። ስለዚህ አላወቅኩም ብዬ የማመካኝበት ቀዳዳ የለኝም።

እትዬ ራሷ ከረጢቱን እንዳትቀይር እጇ በጸጉር መድኃኒት እየተላጠ ቁስል አያጣውም፤ በቱቦው ጀርም እንዳይገባ ተብሎ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። እሷ ቀና ብላም አታየኝም። ብርድ ልብሱን ገልጣ ሆዷን ትሰጠኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ጨረስሽ ወይ ትላለች። ጨረስኩ እላታለሁ። በዚህ መሀል ሌላ ጥያቄ የለም።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ዶክተሩ የእትዬን ሆድ ነካ ነካ አድርገው፣ ሽፋንሽ ጎበዝ ነው፣ እሱ እስከሠራ ድረስ አንጣደፍም አሏት። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። እሱ የደከመ ቀን ኩላሊት ማስተካት ይመጣል፣ ከቤተሰብ ማን አለ ብለው ጠየቁ። ከቤተሰብ ያለሁት እኔ ነኝ። እናትና አባታችን አርፈዋል፤ የእትዬ ባል ልጃቸው ዳዴ ሳትል ነው ጥሎ የሄደው፤ ልጅቷም፣ ሚጡ የምንላት፣ ያኔ ገና ተማሪ ነበረች። እኔ ጤነኛ፣ ያላገባሁ፣ ከእትዬ ጋር የአንድ እናት የአንድ አባት ልጅ።  እትዬ የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቷ ታሻሽ ነበር።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "እኔማ ደም ግፊት አለብኝ" አልኩ።

እንግዲያማ አይሆንም አሉ ዶክተሩና ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። እንደዚያ የቀለለ ውሸት ገጥሞኝ አያውቅም። ግፊት የለብኝም። ፈርቼ ነው። ሰው ከዚህ የተሻለ ምክንያት እንድሰጠው ይፈልጋል፣ ግን የለኝም። ተማሪ ፊት እንቁራሪት ቀድጄ የማሳይ ሴት፣ እኔ ተኝቼ ሰው ጎኔን ሲከፍተው፣ ከውስጤ አንድ ነገር አውጥቶ በሳህን ይዞ ሲሄድ እስከ መጨረሻው ማሰብ አልችልም። ያሳደገችኝ እትዬ ናት። ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ጸጉር እያበጠረች ያስተማረችኝ እሷ ናት። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ፈራሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "እሱ እስከሠራ ድረስ" የሚለው ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። እንግዲያው ሽፋኑ ሲሠራ መታየት አለበት። እግሯ ትንሽ ነፋ ካለ፣ ጠዋት ፊቷ ወፈር ካለ፣ ዶክተሩ አይተው ደከመ እንዳይሉ ባለ ቀዩን እሰቅላለሁ። በማግሥቱ እግሯ የልጃገረድ እግር ይሆናል። መጀመሪያ ለክፉ ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ የቀጠሮ ዋዜማ ሲሆን፤ ከዚያ ደንበኛ የሚበዛበት ቀን ሲሆን፤ ከዚያ ሰበብ መፈለጉንም ተውኩት። የሆስፒታሉ መጋዘን ሠራተኛ ባለ ቀይ ጨምርልኝ ስለው ቲቸር ካሉማ ብሎ ይጭንልኛል። ዶክተሩ ሲጠይቁ አብዛኛው ባለ ቢጫ ነው እላለሁ።

ምንም የማያውቅ ሰው ይሄን ስህተት አይሠራውም። የማያውቅ ሰው ሲስተሯ አድርግ ያለችውን አድርጎ በሰላም ይተኛል። እኔ ግን አውቃለሁ ባይ ስለሆንኩ ስሌት ነበረኝ። ጉዳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ እስከዚያ ከሌላ ሰው ኩላሊት ይገኛል፣ የሆነ ነገር ይፈጠራል እል ነበር። ሽፋኑ እንዲቆይልኝ ብዬ በገዛ እጄ እያሳጠርኩት መሆኑን ሳላየው ቀርቼ አይደለም። አይቼ ዓይኔን መለስኩ።

እትዬማ አበበች። አልገባ ብሏት የነበረ ጫማዋ ልኳ ሆነ። እየዘፈነች ጸጉር ታጥባለች፣ ሴቶቹን በሳቅ ትገላቸዋለች፣ እኔን ታመሰግናለች። በተመሰገንኩ ቁጥር እኔ አንድ ነገር ፈልጌ እጣላለሁ፤ ጨው በዛ፣ በር አልተዘጋም፣ ፎጣው የት ሄደ። ሚጡ አንድ ቀን፣ አክስቴ አንቺ ደግሞ ሲያመሰግኑሽ እንደ ሰደቡሽ ነው የምትሆኚው አለችኝ። ዝም በይ አልኳት።

ነገሩ የማስተምርበት ክፍል ውስጥም አልለቀቀኝም። ድንች ልጬና ቆራርጬ፣ ግማሹን ንጹህ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹን የጨው ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ አንዱ ሲወጠር ሌላው ሲልፈሰፈስ የማሳይበት ቀን ነበር። አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። የተልፈሰፈሰው ወደ ንጹህ ውሃ ቢመለስ ይድናል ወይ አለች። ወዲያው ከተመለሰ አዎ አልኳት። ብዙ ቀን ከቆየስ አለች። ብዙ ከቆየ ህዋሱ ይሞታል፣ የሞተ ሽፋን ደግሞ ማንን አሳልፎ ማንን እንደሚያስቀር አያውቅም። መልሱ ይሄው ነበር። እኔ ግን ከምዕራፉ አትውጪ ብዬ አምባረቅኩባት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ሥዕል ስስል ቆየሁ። በማግሥቱ ይቅርታ ልላት አስቤ እሱንም ፈራሁ።

ከዚያ ከረጢቱ ከዳኝ። በፊት ከገባው በላይ ነበር የሚወጣው፤ ትርፉ ከሰውነቷ የተሳበ ውሃ ነው። አሁን የገባውን ያህል፣ አንዳንዴም አንሶ መውጣት ጀመረ። ምን እየሆነ እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ሽፋኑ ተበልቶ ስኳሩን መግታት አቅቶታል፤ ስኳሩ ራሱ ወደ ደሟ ይገባል፤ የሚስብ ነገር ከሌለ ውሃው ለምን ብሎ ይመጣል? ባለ ቀዩን ብሰቅልም ያው ሆነ። እትዬ ጫማዋን ጥላ በነጠላ ጫማ መሄድ ጀመረች። ደንበኛ እያጠበች በመሀል ቁጭ ትልና ትንፋሿን ትሰበስባለች፤ ሴትየዋ በአረፋ ተለውሳ ትጠብቃታለች።

ዶክተሩ ፈሳሹን አስመረመሩና ግራ ገባቸው። በቀጭኑ ስኳር የታጠበ ሆድ ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ ይሄ ሳይታሰብ አረጀ አሉ። ወዲያውም፣ አንዳንድ ሰው ከተፈጥሮው ሽፋኑ ደካማ ነው ብለው ራሳቸው ሰበቡን ፈለጉልኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚህ በኋላ በባለ ቢጫው ብቻ፣ ውሃና ጨው እየቀነስን ጥቂት ወራት ያቆያታል፤ በእነዚያ ወራት ኩላሊት ካልተገኘ የሚቀረው ማሽኑ ነው፣ እሱን ደግሞ ልቧ አይችለውም አሉን።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እትዬ እጄን ያዘችኝ።

"ይቅር በይኝ" አለች። "ልፋትሽን ከንቱ አስቀረሁብሽ። የእኔ ሆድ ነው ያልረባው።"

እኔን ነው ይቅርታ የጠየቀችኝ።  መስኮት ክፈቱ ብዬ ከረዳቱ ጋር ተጣላሁ፤ ረዳቱ ምን እንዳደረገኝ ሳያውቅ ከፈተልኝ።

ሚጡ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ነበር፤ ዕድሜዋም ራሷ ፈርማ ለመስጠት የሚበቃ ሆኗል። ወሬውን የሰማች ዕለት ምሳ ላይ፣ እኔ እሰጣለሁ አለች። እትዬ ጠረጴዛውን መታችው። ሁለተኛ እንዳትደግሚው፣ እንኳን ኩላሊትሽን ጥፍርሽን አላስነካም ብላ ከክፍሏ አስወጣቻት። ሚጡ ግን የእናቷ ልጅ ናት፤ ሳትነግረን ሄዳ ደሟን አስመረመረች፣ ገጠመ። እትዬ ስትሰማ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ምግብ አልበላም አለች። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ግን ፊቷ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ለመኖር ጓጉታለች። መጓጓቷ አሳፍሯት ከሚጡ ዓይኗን ትሸሻለች።

አንድ ከሰዓት ደንበኛ ሲጠፋ ጠራችኝና ከመስታወቱ ፊት አስቀመጠችኝ።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ" አለችኝ። "ልጄን ላስቆርጣት? አንቺ ምን ትያለሽ?"

"ወጣት ናት" አልኳት። "የወጣት ገላ ቶሎ ይሽራል።"

መስታወቱ ውስጥ ራሴን እያየሁ ነው ይሄን ያልኩት። ከዚያ በፊት የሠራሁትን ሁሉ ፍርሃት ነው ብዬ ልሸፍነው እችላለሁ። ይሄኛውን ምን ልበለው? ያጠባኋት ያህል ታቅፌ ያሳደግኳትን ልጅ በእኔ ቦታ አስተኛኋት። እትዬ እፎይ ብላ፣ አንቺ ካልሽማ አለች። ያን ቀን እራቴን ሳልነካው መለስኩት፤ ሚጡ አሞሻል ወይ ብላ ውሃ አመጣችልኝ።

ለመጨረሻው ምርመራ ሚጡን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ እትዬ መንገድ ከብዷት ቤት ቀረች። ኮሪደሩ ላይ ተራ ስንጠብቅ ሚጡ የማይሆን የማይሆን ነገር ታወራለች። ለኦፕሬሽኑ ጸጉሬን ልሠራው ወይስ ላሳጥረው፣ ጥፍር ቀለም ይከለክላሉ ወይ፣ ቁስሉ ከዋና ልብስ ውጪ ይታያል ወይ። ከዚያ ድንገት፣ አክስቴ ያማል እንዴ አለችኝ። ያስተኙሻል፣ አይሰማሽም አልኳት። ስነቃስ አለች። የቀጠሮ ወረቀቷን አጣጥፌ መልሼ ዘረጋሁት።

ተራችን ደርሶ ገባን። ያቺው ያሠለጠነችን ሲስተር ናት። የሚጡን ግፊት ለካችና መጠቅለያውን ስትፈታ ሚጡ፣ አክስቴንም ለኪያት፣ የግፊት በሽተኛ ናት፣ በእኛ ስትመላለስ ራሷን ረስታለች አለቻት። ተይው ሳልል ክንዴ ላይ ተጠቀለለ። ተነፋ፣ ተነፈሰ።

"እርስዎማ የልጅ ግፊት ነው ያለዎት" አለች ሲስተሯ። "የትኛውን ክኒን ነው የሚወስዱት?"

አንድ የክኒን ስም መጥራት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የትምህርት ቤታችን መምህራን ግማሾቹ ግፊት አለባቸው፤ ክኒናቸውን በስም አውቀዋለሁ። ሚጡ ደስ ብሏት፣ እንግዲያው ተሽሎሻል ማለት ነው ብላ ሳቀችልኝ። ስትስቅ ከንፈሯ ደርቆ መሰንጠቁን አየሁ። ፈርታለች። እኔ የፈራሁትን ያንኑ ነው የፈራችው። እሷ ግን ፈርታም ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች።

"ክኒን አልወስድም" አልኩ። "ግፊት ኖሮብኝ አያውቅም። የእኔን መርምሩ፣ እሷን ተዉአት።"

መረመሩኝ፣ የእኔ ከሚጡም የተሻለ ገጠመ። ዶክተሩ ትንሽ አፍጥጠው አዩኝና ምንም ሳይሉ ቀን ቆረጡልን። ሚጡ ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ ለእናቷም፣ አክስቴን በስህተት ነው ግፊት አለብሽ ያሏት ብላ አሳምራ ነገረችልኝ። እኔም ያንን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ኩላሊቴን እሰጣለሁ ካልኩ ሸክሙ የሚራገፍልኝ መስሎኝ ነበር። ይባስ ከበደ። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ስገባ ሴቶቹ ተነስተው ይቀበሉኛል። አንዷ ጸጉሯ በቀለም እንደተለወሰ መጥታ አቀፈችኝ፣ ቀለሙ ልብሴን አበላሸው፣ እኔ አልተቆጣሁም። ያኔ ነው ራሴን የፈራሁት። አንድ ሰው እህቱን እስከዚህ አድክሞ፣ ከዚያ ራሱ አዳኝ ሆኖ በሰው ፊት ሲቆም፣ ከዚህ በላይ ምን ሌብነት አለ? ኩላሊቱ ከሆዴ ቢወጣም ከረጢቱ ሆዴ ውስጥ ይቀራል። ማንም አያውቅም፣ ማንምም አይጠይቀኝም፤ ይሄው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ሆስፒታል የምንገባበት ቀን ሲቃረብ፣ ጸጉር ቤቱ በተዘጋበት ቀን፣ እትዬ ጸጉርሽን ሳላጥብሽ አትገቢም አለችኝ። ደክሟታል፣ እምቢ ብላትም አልሰማ አለች። ገንዳው ላይ አንገቴን ደገፍኩ፤ ኮርኒሱን እያየሁ ጣቶቿ ጸጉሬ ውስጥ ሲገቡ ዓይኔ እንባ ሞላ። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ልክ እንደምወደው። ስታሻሸኝ ታወራኛለች።

"እግዜር ሁለት ጊዜ ሰጠኝ" አለች። "ያኔ በእጅሽ፣ አሁን በኩላሊትሽ።"

"እትዬ" አልኳት፣ "ባለ ቀዩን ነበር የምሰቅልልሽ።"

አልገባትም። ስለዚህ ነገርኳት። ሲስተሯ ምን እንዳለችኝ፣ እኔ ምን እንዳደረግኩ፣ ለዶክተሩ ምን እንዳልኩ፣ አንድም ሳላስቀር። "ሆድሽ ደካማ አልነበረም" አልኳት። "እኔ ነኝ የጨረስኩት። ኩላሊቴን እንዳልጠየቅ ብዬ።"

እጇ ቆመ። ውሃው መውረዱን አላቋረጠም። ሻምፖው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኛል፣ ልጠርገው አልደፈርኩም።  ከዚያ እጇ ተመለሰ፤ አረፋውን እስኪያልቅ አጠበችልኝ፣ ከጆሮዬ ኋላ ሳይቀር፣ ፎጣውንም ጠቀለለችልኝ። እትዬ የጀመረችውን ጸጉር ጥላ አትሄድም። እንደጨረሰች የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

"ግፊት እንደሌለብሽ አውቅ ነበር" አለች። "አብረን ስንኖር አንድ ክኒን ስትውጪ አይቼሽ አላውቅም። ፈርታ ነው ብዬ ተውኩት። መፍራት ያለ ነው፤ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እፈራለሁ። ስለ እሱ አንድ ቀን እንኳ አልተቀየምኩሽም።"

ልናገር ስል በእጇ ከለከለችኝ።

"ሆዴን ግን ገልጬ ሰጥቼሽ ፊቴን አዞርኩ። አንድ ቀን ቀና ብዬ ምን እየሰቀልሽልኝ ነው ብዬሽ አውቃለሁ?"

"አታውቂም" አልኳት።

"ኩላሊቱን እወስዳለሁ" አለች። "ኮርቼ አልፈልግም ብል የምትቆረጠው ልጄ ናት። እወስደዋለሁ፣ አመሰግንሻለሁም። ከረጢቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ አትነኪውም። ሲስተሯ ሚጡን ታሠልጥናት። እኔ ስታጠብም እዚያ ክፍል አትግቢ።"

ድምጿ ከፍ አላለም። ማበጠሪያ ብትወረውርብኝ፣ ሙልጭ አድርጋ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስታ ካስኩን አወረደችና፣ ግቢ፣ ጸጉርሽ ሳይደርቅ ብርድ ይመታሽና ቀኑ ያልፍብናል አለችኝ። ገባሁ። ካስኩ ጆሮዬ ላይ ሲያጓራ አለቀስኩ፤ እሷ ወለሉን ስትወለውል በመስታወቱ አየኋት፣ አንዴም ወደ እኔ አልዞረችም።

ሚጡ ሠለጠነች። የተነገራት፣ አክስትሽ ለኦፕሬሽን ስለምትተኛ ነው የሚል ብቻ ነው። የመጀመሪያዋን ቀን ብቻዋን ልትቀይር ስትገባ እኔ ጸጉር ቤቱ ውስጥ መስታወቱን እየወለወልኩ ነበር። እጇን ስትታጠብ ሰማሁ፤ ደጋግማ ነው የታጠበችው፣ ተጨንቃለች። ከረጢቱን ስትሰቅል የብረቱ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ እትዬ፣ ቆይ፣ አውርጂውና እዚህ አምጪው፣ ላንብበው አለቻት።

ሚጡ ከረጢቱን ስታወርድ ብረቱ እንደገና ጮኸ። "እማዬ፣ እኔንም?" አለች።

"አንቺንም።"

ከረጢቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ለማንበብ የወሰደባት ጊዜ ረጅም ነበር፤ እትዬ ያለ መነጽር አይታያትም። ከዚያ ውሃው መግባት ጀመረ። ሚጡ ጨርሳ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። በሩን በቀስታ ዘግታ አጠገቤ መጣችና፣ አክስቴ ምን አድርጌያት ነው አለችኝ።

"አንቺ ምንም አላደረግሽም፣ ያደረግኩት እኔ ነኝ" አልኳት፤ ወንበሩን ሳብኩላትና እስክትቀመጥ ጠበቅኩ።